ያልለካኋቸው ሰባት ነጥቦች

ታኅሣሥ 13 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከረፋዱ 5፡10

በናሙናና በናሙና መካከል ሠላሳ ደቂቃ አለኝ። አምስቱ ለማጥለል፣ አምስቱ ለመለካት፣ አምስቱ ለመመዝገብ። የቀረው ያንተ ነው፣ ደብተሬ። አትኩራራ፤ ዛሬ ሌላ የማዋራው ሰው ስለሌለ ነው።

3፡00 ላይ ጀመርኩ። ጠርሙሱ ውስጥ ከስምጥ ሸለቆ የመጣ የጉድጓድ ውሃ አለ። ጥርስ የሚያበልዝ፣ ሲቆይም አጥንት የሚያጎብጥ ፍሎራይድ ሞልቶበታል። ውሃው ውስጥ የአጥንት ከሰል ጨምሬያለሁ። መንቀጥቀጫው ያወዛውዘዋል። በየግማሽ ሰዓቱ በንጹሕ ብልቃጥ ትንሽ እቀዳለሁ፤ ስንት ፍሎራይድ እንደቀረ እለካለሁ፤ ግራፉ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። እስከ 11፡00 አሥራ ስድስት ነጥብ ያስፈልገኛል።

ያለፈው ሳምንት ሙከራ በዱቄቱ ነበር። አጥንቱ እንደ በርበሬ ሲደቅ ፍሎራይዱን በሁለት ሰዓት ጠራርጎ ያዘው። ዱቄት ግን ማጣሪያ ውስጥ አይሆንም፤ ጭቃ ሆኖ ውሃውን ይዘጋዋል። ስለዚህ የዛሬው ሽምብራ የሚያካክለው ጠጠር ነው። ቀስ ይላል። ያስተኛል።

ከሰሉን የሚያከስሉት ጋሼ ደግፌ ናቸው፣ የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን። ብልቃጥ የሚያጥቡትም እሳቸው፣ እሳት የሚጠብቁትም እሳቸው። አጥንት ከቄራ ያመጣሉ፣ ይቀቅላሉ፣ ያደርቃሉ፣ በተዘጋ በርሜል ያከስላሉ። ጥቁር ሆኖ ካብለጨለጨ ደህና ነው፤ ከነጣ ሞቷል ይላሉ። በጥፍራቸው ኳ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ጾም ስለሆነ ከሥራ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። ትናንት በአጥንት ያለፈ ውሃ ጾም ያስገድፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኬሚስትሪ ይህን አላስተማረኝም አልኳቸው።

ጠጠሩ ለምን እንደሚዘገይ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አድሶርፕሽን ማለት ፍሎራይዱ አጥንቱ ገጽ ላይ መለጠፉ ነው። የውጭው ገጽ ቶሎ ይሞላል። አብዛኛው ገጽ ግን ያለው ውስጥ ነው፣ በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ። እዚያ ለመድረስ ጊዜ ይፈጃል። ትንሽ አሰቡና አውቶብስ ነዋ አሉኝ። ሰዉ በሩ ላይ ይታፈናል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ትኬት ቆራጩ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ ይለፈልፋል። ከዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ አንዱም እንዲህ አላስረዳኝም።

7፡35

ዘጠነኛውን ለካሁ። እየወረደ ነው፣ ግን ገና ለመጠጥ ከተፈቀደው በላይ ነው። ጓድ ታምሩ በኮሪደሩ እያጨበጨበ ይጠራናል። በሙያው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ የውይይት ክበቡ ሊቀ መንበር ስለሆነ ረቡዕ ረቡዕ የሁላችንም አለቃ ይሆናል። ውይይቱ ከ8፡00 እስከ 11፡30 ነው። የቀረ ሰው ስሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ክፍሎቹን ራሱ ቆልፎ ቁልፉን እስከ ማግስቱ ጠዋት ኪሱ ይከታል። ሥራ መሀል ላይ ነኝ አልኩት። ሁላችንም ሥራ መሀል ላይ ነን አለኝ። ሰባት ነጥብ ይቀረኛል።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት

ጠዋት ጠርሙሱን ለካሁት። ከተፈቀደው በታች ወርዷል። ጎሽ። ግን መቼ ወረደ? እኔ አዳራሽ ቁጭ ብዬ ስለ ምርት ዘመቻ ስሰማ? ወይስ ሌሊት? የሚያውቀው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

እንደገና ልጀምር ብል ከሰል የለም። በጾም ሥጋ ቤቶች ቀዝቅዘዋል፤ ቀጣዩ በርሜል ከሁለት ሳምንት በፊት አይደርስም። ሪፖርቱ ነገ ይሄዳል። ዶ/ር መርጊያ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ በሩ ላይ ቆሞ አለቀ ወይ አለኝ። አልቋል አልኩት። ምን እንዳስቸኮለኝ አላውቅም። ሌላ መልስ ነበረኝ እኮ፤ ምላሴ ላይ ነበር።

ከዚያ ተቀምጬ ጻፍኩ። ከዱቄቱ ግራፍ ቅርጹን ወሰድኩ፣ ሳብ ሳብ አደረግኩት። 8፡00። 8፡30። 9፡00። በ9፡30 ከተፈቀደው መስመር በታች አስገባሁት። ከጀመርኩ ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። የ10፡00ዋን ነጥብ ሆን ብዬ ከግራፉ መስመር ትንሽ ከፍ አደረግኳት። እውነተኛ ነጥቦች ሁሉም መስመር ላይ ስለማይቀመጡ።

ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። ዱቄቱም ጠጠሩም አንድ አጥንት ነው፣ መጨረሻቸው አንድ ነው፣ ብሳሳት በትንሽ ነው እያልኩ ነው። ምሳዬን አልበላሁም።

ጥር 20፣ ዓርብ፣ ማታ

ግራፌ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እንግዶች መጡ፣ ከውሃ ሥራም ከእርሻም። ዶ/ር መ. በማስመሪያ እየጠቆመ አስረዳ። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ጋን የሚያህል ታንከር፣ ውስጡ የጋ. ደግፌ ጠጠር። ጠዋት ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ይቆያል፣ ቧንቧው ይከፈታል። ስድስት ሰዓት ተኩል የሚለውን ሁሉም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። መሐንዲሱ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከዚያ ዶ/ር መ. የ10፡00ዋን ነጥብ ጠቆመ። ሐቀኛ ሥራ እንዲህ ነው አለ፤ ከመስመር የወጣችውን አልደበቀችም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ፈገግ አልኩ። አየህ፣ ፈገግ አልኩ።

ሌላም አለ። ለትምህርት ወደ ሃንጋሪ ከሚላኩት መካከል ስሜ ገብቷል፤ በዚሁ ሥራ ነው የገባው። ለእማዬ ነገርኳት። ተነሥታ ሳመችኝና የልደታን ሰፈር ለማዳረስ ወጣች። እስክትመለስ ወጥ አሮ ነበር።

ደስ ብሎኛል። ደስ በማለቴም አፍራለሁ። ሁለቱንም ያዝልኝ።

የካቲት 2፣ ረቡዕ

ታንከሮቹ ዛሬ በጭነት መኪና ወጡ። ስምጥ ሸለቆ፣ አንድ የመንግሥት እርሻ ካምፕ፣ ለሠራተኞቹ ቤተሰቦች። ጋ. ደግፌ ጠጠሩን በእጃቸው ሞሉ፣ ዕፍኝ በዕፍኝ፣ የነጣ ካገኙ እየለቀሙ። ለልጆች ነው አሉኝ። መኪናው እስኪሰወር ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ ወደ ውይይት ገባሁ፣ ቀድሜ፣ ማንም ሳይጠራኝ።

የካቲት 24፣ ሐሙስ

ዶ/ር መ. ከካምፑ ተመለሰ። ከማጣሪያው የቀዳውን ውሃ በጠርሙስ ይዞ። ለኪው አለኝ።

ለካሁ። አጥቤ ደገምኩ። መሣሪያውን ፈትሼ ሠለስኩ። ከጉድጓዱ ይሻላል፣ ለመጠጥ ግን አይሆንም። ከተፈቀደው በላይ ነው፣ በብዙ።

ይህ ብቻ ቢሆን። ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት ለካምፑ ልጆች ከከተማ በቦቴ ንጹሕ ውሃ ይመጣላቸው ነበር። ማጣሪያው ሲገባ ቦቴው ተነሣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ንጹሕ ነው እየተባሉ ሲጠጡ የቆዩት ይህን ነው። ዶ/ር መ. አንዲት እናት አመስግንልኝ ብላኛለች አለኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችውን ልጅ። እኔን ነው።

ምክንያቱ ምን ይመስልሻል አለኝ። አላውቅም አልኩት። እንደማውቅ አንተ ታውቃለህ። ውሃው ቸኩሎ ነው የወጣው። ስድስት ሰዓት ተኩል የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ጊዜ ቢያገኝ ፍሎራይዱ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። በሩ ላይ እንደታፈነ ቧንቧው ተከፈተ።

አላውቅም አልኩት።

የካቲት 29፣ ማክሰኞ

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጓ. ታምሩ ነው። በአንድ ቀን ጥፋተኛ አገኙ።

ከሰሉ ከመጠን በላይ ተቃጥሏል አሉ። ወሬው መሠረት አለው፤ አጥንት እሳት ሲበዛበት ይነጣል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ፍሎራይድ አይዝም። ይህን የነገራቸው ማን ነው? የእኔ ሪፖርት፣ ገጽ አራት። ስለዚህ ያከሰለው ሰው ይጠየቅ አሉ። ጋ. ደግፌ ምድጃው አጠገብ እንዳይደርሱ ታገዱ። መጋቢት 12 ሰኞ በ3፡00 ኮሚቴው ፊት ይቀርባሉ።

ጓ. ታምሩ ሁላችንንም ሰብስቦ ይህን ሲያነብልን ከቸልተኝነት ያለፈ ነገር ሊሆን ይችላል አለ። ከዚያ ያችን ቃል አወጣት። አሻጥር። አሻጥር ከተባለ ነገሩ ከሥራ መባረር ያልፋል፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ጋ. ደግፌ በጥፍራቸው ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረጉ፣ እንደ አጥንቱ። ከሰሌ ጥቁር ነበር አሉ።

እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እስክሪብቶዬን ስከፍትና ስዘጋ ነበር።

መጋቢት 7፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡50

ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ቀኑም ተስማማ፤ የወሩ ሂስና ግለ ሂስ ነው። ይህን ነገር ስለማታውቅ፦ እያንዳንዳችን ተነሥተን ጥፋታችንን እንናገራለን። ሁሉም የተዘጋጀ ጥፋት አለው። ሒሳብ ክፍል ያለችው ዘወትር ሰዓት ማርፈድ ነው። ሹፌሩ የንባብ ድክመት። እኔ ባለፈው ወር የንዑስ ከበርቴ ግለኝነት ብዬ ነበር፤ ተጨበጨበልኝ። ማንም ማንንም አያዳምጥም፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ብቻ ይጽፋል።

ሌሊት ዓረፍተ ነገሩን ተለማምጄ ነበር። ሰባቱን ነጥብ አልለካኋቸውም፣ ጋሼ ደግፌ ጥፋት የለባቸውም። አጭር ነው።

ተነሣሁ። ዓይኖች ሲዞሩብኝ አፌ ሌላ ሆነ። በሥራ ጥራት ረገድ የቸልተኝነት ዝንባሌ አሳይቻለሁ አልኩ። አንዳንድ ልኬቶችን በተገቢው ትዕግሥት አልተከታተልኩም አልኩ። ለሰፊው ሕዝብ ካለብኝ ኃላፊነት አንጻር ይህ ሊታረም የሚገባው ነው አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። በየወሩ ስለማላደርገው ጥፋት ስናገር የኖርኩባቸው ቃላት እውነተኛውን ጥፋት ሲያገኙት ዋጡት።

ጓ. ታምሩ አርአያነት ያለው ግለ ሂስ ነው አለ። ተጨበጨበ። ወደ ቀጣዩ ታለፈ።

ጋ. ደግፌ አላጨበጨቡም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ውስጡን ያዩ ነበር። እኔም የልቡን እንደተናገረ ሰው ተቀመጥኩ። ለትንሽ ጊዜ ተናግሬያለሁ ብዬ ራሴን ላታልል ሁሉ ሞከርኩ። በዚህ አፍሬያለሁ፣ ከሰባቱ ነጥብ በላይ።

መጋቢት 8፣ ሐሙስ

ቢያንስ እውነቱን ልወቀው። ወደ ካምፑ ከሄደው ከሰል ትራፊ ጆንያ ውስጥ አገኘሁ። ጥቁር ነው። ኳ አደረግኩት። እኔ ድምፁን አልለይም፣ ግን ያብለጨልጫል።

3፡00 ጀመርኩ። ብልቃጥ ራሴ አጥቤ። በየግማሽ ሰዓቱ።

9፡30። ገና በላይ ነው። በመዝገቤ መሠረት አሁን ደርሶ መሆን ነበረበት።

10፡00። በላይ።

11፡00። በላይ። እየወረደ ነው፣ ግን እንደ ኤሊ። ቀስ ያለ ነገር ነው፣ ብታስቸኩለው አይሰማህም። ዘበኛውን ለመንኩት፣ መንቀጥቀጫውን እንዳያጠፋብኝ። እሺ አለ።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

ጠዋት 3፡00። ከተፈቀደው በታች። በደንብ በታች።

ከሰሉ ደህና ነው። ያው ከሰል፣ ያው ውሃ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይበቃዋል። ሌሊት በስንት ሰዓት መስመሩን እንዳለፈ አላውቅም። መዝገቡ ላይ አልተለካም ብዬ ጻፍኩ። አልተለካም የሚለው ቃል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አየሁ። ታኅሣሥ ላይ ሰባት ጊዜ ብጽፈው ኖሮ አንድ መስመር ቀለም አይጨርስም ነበር።

አሁን መፍትሔም አለ። ታንከሩ አይጣልም፤ ዛሬ የተሞላው ነገ ይከፈት፣ በቃ። ግን ይህን ለማለት ስድስት ሰዓት ተኩሉ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ። ዝም ካልኩ ከሰሉ ይጣላል፣ ማጣሪያው ይነሣል፣ ቦቴው እስኪመለስ ልጆቹ ያንኑ ይጠጣሉ። ጋ. ደግፌም ሰኞ ይቀርባሉ።

ወረቀቱን ይዤ ዶ/ር መ. በር ድረስ ሄድኩ። ስልክ ላይ ነበር፤ ግቢ በሚል ዓይነት እጁን አነሣ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በኋላ እመጣለሁ አልኩ። በኋላ አልመጣሁም።

መጋቢት 11፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ቢያንስ ለእሳቸው ልናገር ብዬ። በእጄ ሁለት ኪሎ ብርቱካን፤ በሽተኛ የምጠይቅ ይመስል።

ጋ. ደግፌ አንድ ክፍል ቤታቸው በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ቡታጋዝ ይጠግናሉ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከመሥሪያ ቤት የመጣሽ አንቺ ብቻ ነሽ አሉኝ። ሌላው ቀርቶ በመንገድ ሰላም የሚላቸው የለም። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ብርቱካኑን ተቀብለው ገቡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ይህን ክፍል እንዳለ ልጻፈው፣ ሳላሳጥረው።

«ጋሼ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ቁጭ በይ መጀመሪያ።»

ተቀመጥኩ። ፊቴን አዩኝና የቡታጋዙን ክር መልሰው ጎተቱ።

«ሰባቱን ብልቃጥ ማለትሽ ነው?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ብልቃጥ የማጥበው እኔ አይደለሁ እንዴ? የዚያን ሐሙስ ጠዋት ያገኘሁት የረቡዕ ቆሻሻ ብልቃጥ ዘጠኝ ነው። ሰባቱ ከመደርደሪያው አልወረዱም። መዝገቡ አሥራ ስድስት ይላል። ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ ትርሲት።»

«ከታኅሣሥ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«እንደ አውቶብሱ ነው ብዬሽ የለ? ሌላ ጊዜ ቀስ ብለሽ ትሠሪዋለሽ ብዬ ነበር። ከዚያ ሥራው መኪና ላይ ተጫነ።»

«ታዲያ አሁን ለምን አይናገሩም? ከሰሉ ደህና ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ደህና መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ምን ብዬ ልናገር? ልጅቷ ዋሸች ብዬ? ለታምሩ?»

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የልጃቸው ፎቶ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ጠዋት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ዕድሜው ያኔ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የነበረኝ ዕድሜ ነው።

«እኔ ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አሉ። «አንቺ ገና ነሽ። ሂጂ ተማሪና ነይ። ተቃጥሏል ካሉኝ ተቃጥሏል እላለሁ። ከእንግዲህ ልጅ ሲወሰድ ማየት አልፈልግም።»

እትዬ ብርቄ ብርቱካኑን ልጠው አመጡ። ምንም አያውቁም። ብይ እንጂ እያሉ አጎረሱኝ። ባላቸውን ለመጠየቅ የመጣሁ ደግ ሰው ነኝ። ዋጥኩ።

አሁን በጣም የሚያሳፍረውን ልጻፍ። ለሌላ ሰው አልናገረውም። ከጌጃ ሰፈር እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። እግሬ ቀሎኝ ነበር። ፈቅደውልኛል እያልኩ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው ያሉት እያልኩ ነበር። ሃንጋሪ ምን ያህል እንደሚበርድ አሰብኩ፣ ከአንድ ሽማግሌ ቤት ስወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስደርስ አንዲት ሴት ልጇን በውጭ ካለው ቧንቧ ውሃ ታጠጣለች። ልጁ በእፍኙ ተቀብሎ ይጠጣል፣ ዝም ብሎ፣ ማን እንደለካው ሳይጠይቅ። ቆምኩ። እዚያው አጥሩ ላይ እጄን አስደግፌ አለቀስኩ። ሰው ያየኝ እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ተኝቻለሁ፣ ይገርማል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነቃሁና ጻፍኩ። እንደ ረቡዕ እንዳይሆንብኝ ዝንባሌ የሚል ቃል የለበትም፣ ሰፊው ሕዝብ የለበትም። እንዲህ ይላል፦

በታኅሣሥ 13 ቀን 1975 ዓ.ም. ከ8፡00 እስከ 11፡00 የተመዘገቡትን ሰባት ነጥቦች አልለካኋቸውም። ውይይት ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኳቸው። ለዶ/ር መርጊያም ለአቶ ደግፌም አልነገርኩም። ከሰሉ ደህና ነው፤ በመጋቢት 8 እና 9 ለክቼዋለሁ፣ ንባቡ ተያይዟል። ውሃው በታንከሩ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ።

አቶ ደግፌ ያውቁ እንደነበር አልጻፍኩም። ይህንን ውሸት ጨምርልኝ፤ በዚህኛው አላፍርም።

በካርቦን ሦስት ቅጂ ነው። አንዱ ለዶ/ር መ.፣ አንዱ ለኮሚቴው። ሦስተኛውን ዛሬ ወደ ካምፑ ለሚወጣው ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ የእኔ ጉዳይ እስኪታይ ልጆቹ እንዳይጠብቁ።

ለእማዬ ነገርኳት። ሃንጋሪ ቀርቷል፣ ምናልባትም ከዚያ የባሰ ይመጣል አልኳት። ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች። ከዚያ ወፍራሙን ሹራብ አወጣችና ልበሺው አለችኝ፣ በዚህ ሙቀት። ለምን እንደሆነ ገባኝ። የት እንደማድር አታውቅም። ለበስኩት።

አንተን እሷ ጋ እተውሃለሁ። የት እንደምትደብቅህ ታውቅበታለች።

ፈርቻለሁ። ግን ፊቴ አይቃጠልም፣ ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጋ. ደግፌ የተጠሩት በ3፡00 ነው። ኮሚቴው ፊት ለተጠያቂ የሚቀመጥ አንድ ወንበር ብቻ አለ። እኔ በ2፡30 እገባለሁ። እሳቸው ሲደርሱ ወንበሩ ላይ ሰው አለ።